በሕክምና ግራፎች ላይ የንብርብሮች ቅደም ተከተል፦ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች?

በአንድ ጤና ጣቢያ ክትትል የሚደረግላቸው ሕፃናት ክብደት ከዕድሜያቸው ጋር ተነጻጽሮ በግራፍ ቀርቧል ቢባል፣ መለኪያ የሚሆነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት ዕድገት ደረጃ ነው። ከመካከለኛው መስመር ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የሚያንሰው ክልል በቀይ፣ በ2 እና በ3 መካከል ያለው በቢጫ ተቀብቷል፤ እያንዳንዱ ሕፃንም በአንዲት ጥቁር ነጥብ ተወክሏል። ግራፉ ታትሞ ሲወጣ በነጩ ክልል ያሉት ነጥቦች በሙሉ ይታያሉ፤ በቀዩ ላይ ግን አንድም ነጥብ የለም። ይህን የተመለከተ ሰው በአካባቢው ክብደቱ እጅግ ያነሰ ሕፃን የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነጥቦቹ በመዝገቡ ውስጥ አሉ፤ ኮምፒዩተሩም ሥሏቸዋል። ቀዩ ቀለም ከእነርሱ በኋላ ስለተቀባ ሸፍኗቸዋል። የተሰወሩትም ከሁሉ ይልቅ መታየት የነበረባቸው ሕፃናት ናቸው።

እንዲህ ያለው ስሕተት አስቸጋሪ የሚሆነው የስሌት ስሕተት ስላልሆነ ነው። አማካዩ ትክክል ነው፤ ቁጥሩም አልተዛባም፤ ፕሮግራሙም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አስቀድሞ መደቡን፣ ቀጥሎ ልብሱን፣ በመጨረሻም ዓይንና ቅንድቡን እንደሚሥለው ሁሉ፣ የግራፍ ፕሮግራምም እያንዳንዱን ክፍል በተራ እየደራረበ ይሥላል፤ ኋላ የተሣለው ፊት የተሣለውን ይሸፍናል። ጥያቄው ተራውን የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው።

ለፓይተን ቋንቋ ተጠቃሚዎች በስፋት የሚታወቀው የግራፍ መሥሪያ ማትፕሎትሊብ ይባላል። መሥራቹ ጆን ሃንተር በነርቭ ሥነ ሕይወት ዘርፍ የተሰማራ ተመራማሪ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የጀመረው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሕሙማን አንጎል የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ምልክት በሥዕል ለማየት በመፈለጉ ነበር። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ሃንተር እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። መሣሪያው ከሕክምና ምርምር የተወለደ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሳያስደስት አይቀርም።

በማትፕሎትሊብ እያንዳንዱ የሥዕል አካል ዚ-ኦርደር የሚባል ቁጥር አለው። አነስተኛ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሣላል፣ ከታችም ይሆናል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው በላዩ ይደረባል። ተጠቃሚው ምንም ካልተናገረ እንደ ራጅ ያሉ ምስሎች 0፣ የተቀቡ ክልሎችና የተበተኑ ነጥቦች 1፣ መስመሮች 2፣ ጽሑፍ 3፣ የምልክቶች መግለጫ ሣጥን ደግሞ 5 ይሰጣቸዋል። ሁለት አካላት እኩል ቁጥር ሲኖራቸው ብቻ በትእዛዙ ቀድሞ የተጻፈው ከታች ይውላል። በሕፃናቱ ግራፍ የደረሰውም ይኸው ነው። ነጥቦቹም ቀዩ ክልልም ቁጥራቸው 1 በመሆኑ፣ ቀለሙ ከነጥቦቹ በኋላ ሲታዘዝ በላያቸው ዐረፈ። ለክልሎቹ 0፣ ለነጥቦቹ 3 ቢሰጣቸው ኖሮ የትእዛዞቹ አጻጻፍ ምንም ቢመስል ሕፃናቱ አይሰወሩም ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ትእዛዝ ማቀያየር ምንም የማይጠቅምበት ጊዜ አለ። የአዝማሚያ መስመር በነጥቦች ላይ ሲያልፍ የመስመሩ ቁጥር 2፣ የነጥቦቹ 1 ስለሆነ፣ ነጥቦቹን የሚሥለው ትእዛዝ በመጨረሻ ቢጻፍም መስመሩ ከላይ መሆኑን አይተውም። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ ትእዛዞቹን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዛውር ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን አንዲት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያደናግረው በአንድ ሥዕል ላይ ሁለት ቋሚ መለኪያዎች ሲኖሩ ነው። በአንድ የወባ ሕመምተኛ የክትትል ግራፍ ላይ የሰውነት ሙቀት በግራ፣ የልብ ምት በቀኝ መለኪያ ቢቀርብ፣ የቀኙ መለኪያ ከነመስመሮቹ በሙሉ ከግራው በላይ ይደረባል። ለሙቀቱ መስመር ዚ-ኦርደር 100 ቢሰጠውም ከልብ ምቱ መስመር በላይ አይወጣም። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚወዳደረው በራሱ መለኪያ ውስጥ ካሉት ጋር ብቻ ነው፤ በምድር ቤት ያለ ሰው ወንበር ላይ ቢቆም አንደኛ ፎቅ እንደማይደርስ ማለት ነው። ከፍ መደረግ ያለበት የግራው መለኪያ ራሱ ነው። ያ ሲደረግ ደግሞ ነጭ መደቡ የልብ ምቱን መስመር እንዳይሸፍን፣ መደቡ እንዳይታይ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህቺ ሁለተኛ እርምጃ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች።

በአር ቋንቋ የሚሠራው ጂጂፕሎት2 የተለየ መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሃድሊ ዊካም የቀረበው ይህ መሣሪያ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም፤ ንብርብሮቹ በመደመር ምልክት እየተያያዙ ይጨመራሉ፣ በተጨመሩበት ተራም ይሣላሉ። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም በአንዱ ንብርብር ውስጥ ሌላ ተራ ተደብቋል፤ ነጥቦች የሚሣሉት በሠንጠረዡ ረድፎች ቅደም ተከተል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ በሕይወት የተረፉ ሕሙማን በግራጫ፣ ጥቂት የሞቱት በቀይ ቢቀርቡና ሠንጠረዡ ሞትን አስቀድሞ ቢደረድር፣ ቀዮቹ ነጥቦች ከግራጫው ክምር በታች ይቀበራሉ። ሠንጠረዡን አስቀድሞ በማስተካከል ጥቂቶቹ በመጨረሻ እንዲሣሉ ማድረግ ይገባል።

ይህም ቢሆን ገደብ አለው። ጥቂቶቹን ከላይ ማድረግ ቁጥራቸው ከእውነቱ የበዛ እንዲመስል ሊያደርግ ይችላል። ነጥቦቹ እጅግ በተጨናነቁበት ቦታ ከተራው ይልቅ ቀለሙን በከፊል አሳላፊ ማድረግ፣ ነጥቡን ማሳነስ ወይም ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን በተለያየ ግራፍ ማቅረብ የተሻለ ነው።

መሸፈን ማጥፋት አለመሆኑም ለሐኪም የተለየ ትርጉም አለው። በግራፍ ላይ የሕመምተኛ ስም ወይም የካርድ ቁጥር ተጽፎ ሲገኝ፣ ከፍተኛ ዚ-ኦርደር ያለው ነጭ ሣጥን በላዩ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግራፉ ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ዓይነት ከተቀመጠ ከሣጥኑ በታች ያለው በእርግጥ ይጠፋል። በፒዲኤፍ ከተቀመጠ ግን እያንዳንዱ ንብርብር በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ በነጩ ሣጥን ሥር ያለውን ጽሑፍ መርጦ መቅዳት ወይም ሣጥኑን በሥዕል ማረሚያ ማንሳት ለማንም አይከብድም። ስሙ መውጣት ያለበት ግራፉ ከመሠራቱ በፊት፣ ከሠንጠረዡ ላይ ነው።