ከነልጣጩ ይቀቀላል

መስከረም ሲጋመስ በመቱና በጎሬ ገበያ አፈር የለበሱ ክብ ክብ ሥሮች በብዛት ይወጣሉ። አንጮቴ ነው። ክረምቱ ተሸኝቶ ደመራ ሲለኮስ፣ ከመስቀል በኋላም ሰዉ ለኢሬቻ ምስጋና ወደ ውሃ ሲወርድ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ብዙ ቤቶች የዓመቱ የመጀመሪያ የአንጮቴ ማዕድ የሚቀርበው በዚሁ ሰሞን ነው።

ከተሜው የድንች ዘመድ ያደርገዋል። አይደለም። ሐረጉ በአጥርና በድጋፍ ላይ ይሳባል፣ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ቤተሰቡም የዱባና የቅል ነው። ድንችን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል። አንጮቴ ግን አስገቢ አላስፈለገውም፤ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው።

አንጮቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበስል ሰው ግን የድንች ልማዱን ይዞ ይመጣል። ቢላዋ ያነሣል፣ ይልጣል፣ ይከትፋል፣ ከዚያ ውሃ ላይ ይጥዳል። አማት ይህን ስታይ ዝም አትልም፤ አንጮቴ ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ የሚላጠውም ከበሰለ በኋላ ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን የአሮጊቶች ግትርነት ያደርጉታል። በላቦራቶሪ ሲለካ ግን አሮጊቶቹ ረትተዋል። በጥሬው 100 ግራም አንጮቴ ውስጥ 119 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ከነልጣጩ ሲቀቀል 118 ያህሉ ሲተርፍ፣ ተልጦ ሲቀቀል ወደ 115 ይወርዳል። በፕሮቲን በኩል ልዩነቱ ይሰፋል፦ ከነልጣጩ 3.1 ግራም፣ ተልጦ 2.7 ግራም ገደማ። ጥሬውን ለመቅመስ የሚቸኩልም ይታገሥ፤ ካልሲየሙ ለሰውነት እንዳይደርስ የሚያስረው ኦክሳሌት በመቀቀል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ አንጮቴ የሚቀርበው በዚሁ አካባቢ ከጥንት ነው፤ ማንም ሚሊ ግራም ሳይቆጥር።

የቀረው ቀላል ነው። ሲበስል ይላጣል፤ ተቆራርጦ ይቀርባል፣ በወጥ መልክ ይሠራል፣ ወይም ደቆ በተነጠረ ቅቤና በቅመም ይታሻል። ይህ የመጨረሻው ላንቀጣ ይባላል፤ ለእንግዳ የሚታሰበውም እሱ ነው። ቅቤው መቆጠብ የለበትም። አንዳንድ የከተማ ምግብ ቤት በዘይት አሽቶ «ባህላዊ» ብሎ ያቀርባል፤ ከመቱ የመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቅበታል።

ማዕዱ የጋራ ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ አይብና ቆጭቆጫ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ቡናውም ይከተላል። ወቅቱ አልፎበት አንጮቴ ያማረው ሰው የጓሮ ባለቤት መወዳጀት ይኖርበታል፤ ሥሩ ሳይቆፈር መሬት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ብልህ ቤተሰብ ጥቂቱን ለዘር ብሎ ሳይነካ ይተወዋል።