የሕግ ቃላት በሥልጠና አዳራሽና በሕዝብ ጉባኤ

በአገራችን የሕግ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ በሁለት ዓይነት ጉባኤ ይሰጣል። አንደኛው ለጠበቆች የሚሰጠው ተከታታይ የሕግ ሥልጠና ነው። ሁለተኛው በእድር ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት፣ በማረሚያ ቤትና በራዲዮ ለሰፊው ሕዝብ የሚሰጠው፣ ብዙውን ጊዜም የንቃተ ሕግ ትምህርት እየተባለ የሚጠራው ነው። የሁለቱም መምህራን በአብዛኛው የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚያስተምሩትም ሕግ አንድ ነው። የሚለያየው አድማጩ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሕጉን ራሱን ሳይሆን ሕጉ የሚነገርባቸውን ቃላት ነው፤ ይኸውም አንድ የሕግ ቃል ከሥልጠናው አዳራሽ ወጥቶ ወደ እድሩ ድንኳን ሲገባ ምን እንደሚደርስበት፣ ተርጓሚውና የመዝገበ ቃላት አዘጋጁም በዚህ ረገድ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ለማመልከት ነው።

የችግሩ ምንጭ በመጠኑ የታወቀ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊስ ተወላጁ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ረቂቆቹ የተጻፉት በፈረንሳይኛ ሲሆን ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። በ1956 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሕግ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የማስተማሪያ ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በሌላ በኩል የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። ስለሆነም ጠበቃው ዓመታት ሙሉ የተማረበት ቋንቋ ሌላ፣ የሚሟገትበትና የሚገዛበት ቃል ሌላ ነው። (የክልል ፍርድ ቤቶች በየራሳቸው የሥራ ቋንቋ ስለሚሠሩ ጉዳያቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል፤ እዚህ የምንወስነው በአማርኛው ነው።)

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ርቀት አልነበረም ለማለት አይቻልም። ፍትሐ ነገሥት በግእዝ የተጻፈ በመሆኑ ከአብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት በቀር የሚያነበው ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ ሙግቱ የሚካሄደው በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአማርኛ ነበር። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፤ ሕፃኑ «በላ ልበልሃ»ን እየሰማ ያድጋል፤ ተሟጋቹ በማር ወይም በበቅሎ ሲወራረድ ታዳሚው ክርክሩን ይመዝናል። አዋጅም የሚታወቀው በነጋሪት ድምፅ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ጋዜጣ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከበሮ ነው። የዛሬው ነጋሪት ድምፅ የለውም፤ ገዝቶ ወይም ፈልጎ የሚያነበው ሰው ያሻዋል። ሕግን አለማወቅ ግን አሁንም ይቅርታ አያሰጥም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 81 ይህንኑ መርሕ አጽንቷል፤ ሆኖም በቅን ልቡና መብት አለኝ ብሎ ያደረገውን ሰው ቅጣት ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለት እንደሚችል ጨምሯል።

ከአደባባዩ ሙግት ወደ ዘመናዊው ሕግ ከተሻገሩት ቃላት መካከል «ይግባኝ» ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በሰዋስው ረገድ ቃሉ ስም አይደለም፤ «ገባ» ከሚለው ግስ የወጣ ትእዛዛዊ አንቀጽ ሲሆን «ለእኔ ይግባልኝ» እንደማለት ያለ ነው። ተሟጋቹ በአፉ የሚጮኸው ጩኸት እንደ ነበረ ቀርቶ የሥርዓቱ ስም ሆነ። ዛሬ በፍርድ ቤት ተከራካሪው «ይግባኝ ባይ» ሲባል፣ «ባይ» የሚለው ቃል የድሮውን ጩኸት አሁንም ያሰማል። ይህ ቃል ከአድማጩ ጋር ጠብ የለውም፤ ገበሬውም ጠበቃውም እኩል ይረዱታል። «ይርጋ»ም በአሠራሩ የዚሁ ወገን ነው፤ «ረጋ» ከሚለው ግስ «ይርጋ፣ ነገሩ ይረፍ» ማለት ነው። «ይሁንታ» እና «ይቅርታ»ም ከትእዛዛዊ አንቀጽ ስም የሆኑ ቃላት ናቸው። እንግዲህ አማርኛ የሕግ ቃልን ለመውለድ የራሱ መንገድ አለው፤ ቃል ፈጣሪዎች ግን ይህን መንገድ ትተው ሁልጊዜ ወደ ግእዝ ጥምር ስም መሮጣቸው የሚያስገርም ነው።

ሆኖም ይርጋ እንደ ይግባኝ አልተለመደም። በከተማ የሚኖር አድማጭ እንኳ ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታወሰው የሰው ስም ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በውል ላይ የተመሠረተ መብት በጠቅላላው በ10 ዓመት፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሣ ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ከዚህም ሌላ ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አነሣሽነት ሊያነሣው እንደማይችል ቁጥር 1856 ያመለክታል። ተከሳሹ ራሱ ማንሣት አለበት፤ ያውም የሥነ ሥርዓት ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ባለው ክፍል፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ተከሳሽ ቃሉን ካላወቀው መከላከያው ባይጠፋም ከአፉ አይወጣም። ከሳሹም ቢሆን ቃሉን አለማወቁ መብቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ይበርድ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው እንደሚያልፍበት አይገምትም። ስለዚህ የሕዝብ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይርጋን «የጊዜ ገደብ» ብሎ ብቻ ቢያልፈው በቂ አይሆንም። «የጊዜ ገደብ» የሚለው አገላለጽ ሐሳቡን ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ በችሎት የሚነገረውን ቃል አያስይዝም። ሁለቱም መነገር አለባቸው፤ መጀመሪያ ማብራሪያው፣ ወዲያው ቃሉ።

«ብይን»፣ «ፍርድ»፣ «ትእዛዝ» እና «ውሳኔ» የሚባሉትም እንዲሁ ይምታታሉ። ሕዝቡ የሚያውቀው «ተፈረደልኝ» እና «ተፈረደብኝ» የሚሉትን ነው። በመቃወሚያው ላይ ብይን ተሰጠ ሲባል ብዙ ባለጉዳይ ነገሩ አለቀ ብሎ ይረዳል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በክርክሩ መካከል በሚሰጥ ብይን ላይ ለብቻው ይግባኝ እንደማይባል፣ ቅሬታው ከመጨረሻው ፍርድ ይግባኝ ጋር ሊቀርብ እንደሚችል ይደነግጋል። ይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ እነዚህን ቃላት መለየት ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳች የሚሆኑት እንግዳ ቃላት አይደሉም፤ አድማጩ የሚያውቃቸው የሚመስሉት ናቸው። እንግዳ ቃል የሰማ ሰው ይጠይቃል፤ የሚያውቀውን ቃል የሰማ ሰው ግን አይጠይቅም። ለዚህ «አሳዳሪ» እና «ሞግዚት» ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በኋላም በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ሰውነት፣ አስተዳደጉንና ጤንነቱን የሚጠብቀው አሳዳሪ ሲሆን፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርለትና በሕግ ፊት የሚወክለው ሞግዚት ነው። ወላጆች በመደበኛው ሁለቱንም ናቸው። በቤት ውስጥ አነጋገር ግን ሞግዚት ማለት በደመወዝ ተቀጥራ ሕፃን የምትይዝ ሴት ናት፤ አሳዳሪ ደግሞ ቀጥሮ የሚያሠራ ጌታ ነው። በሕጉ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ሥልጣኖች በሕዝቡ ጆሮ አሠሪና ሠራተኛ ሆነው ይሰማሉ። አባቱ ለሞተበት ልጅ አያቱ «ሞግዚት እንድትሆን» በፍርድ ቤት ተሾመች ሲባል፣ ልጁን እንድታሳድግ ብቻ እንጂ የቤቱን ኪራይ እንድትቀበልና ስለ ውርሱ እንድትከራከር ሥልጣን እንደ ተሰጣት የማይገነዘብ ሰው ብዙ ነው። ተርጓሚው በዚህ ላይ ቃሉን የመለወጥ መብት የለውም፤ ሕጉ የመረጠው ነውና። የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ግን ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ መስመር ሳይቀላቅል ለያይቶ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

«ሰበር»ም አዲስ ጎረቤት አግኝቷል። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚለው ስያሜ የፈረንሳይኛውን ሐሳብ ተከትሎ የተሠራ ነው፤ የሕግ ስሕተት ያለበትን ፍርድ መስበር ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የዚህ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ካደረገ ወዲህ የቃሉ ክብደት ጨምሯል፤ ጠበቆች በየጊዜው መማር ካለባቸው ምክንያቶች ዋነኛውም ይኸው የትርጉም መከማቸት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ዛሬ ሰበርን የሚያውቀው «ሰበር ዜና» ከሚለው፣ ከእንግሊዝኛ ከተመለሰው አነጋገር ነው። ከሁለት የተለያዩ የውጭ ቋንቋዎች የተቀዱ ሁለት አገላለጾች በአንድ የአማርኛ ግስ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የንግድ ሕጉም እንዲሁ ያለ ነገር አምጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለጠበቃው ይህ የታወቀ የሕግ ሐሳብ ነው። የጽዋ ማኅበርን ለሚያውቅ አድማጭ ግን ማኅበር መሰብሰብ ነው፤ የአንድ ሰው ማኅበር እንዴት ይሆናል? እዚህ ላይ ፊደላዊው ትርጉም ሳይሆን ሕጋዊ ሰውነት መነገር አለበት። በአዋጆቻችን ዘወትር የሚጻፈው «ሰው ማለት የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው» የሚለው ፍቺ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ አድማጩ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይገባዋል። በአንጻሩ «አክሲዮን» ከፈረንሳይኛ እንደ ወረደ ተወስዶ ማንንም አላስቸገረም። የውሰት ቃል ሁልጊዜ የከፋ ነው የሚለው አስተሳሰብ በእነዚህ ምሳሌዎች አይደገፍም።

ስለ ባለሙያዎቹ መጠሪያ ጥቂት እንበል። «ጠበቃ» ከአማርኛው «ጠበቀ»፣ «ዐቃቤ ሕግ» ከግእዙ «ዐቀበ» የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ጥበቃን ያመለክታሉ። በወንጀል ችሎት ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱ ባላጋራዎች በሥር ትርጉማቸው አንድ ሥራ ያላቸው መሆናቸው ተማሪዎችን ሲነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። «ነገረ ፈጅ» ለመሥሪያ ቤት የሕግ ሠራተኛ የተወሰነ ሲሆን፣ «ፈጀ» ዛሬ ማጥፋትንና ማቃጠልንም ስለሚያመለክት የቀልድ ምክንያት ሆኖ ይኖራል።

ቃልን በመለወጥ አሳብን ማቅናት እንደሚቻል የሚያሳየው የወንጀል ሕጉ ርእስ ነው። በ1949 ዓ.ም. «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» የተባለው በ1996 ዓ.ም. «የወንጀል ሕግ» ሆነ። የቀድሞው ርእስ ዓይኑን በሰውየውና በቅጣቱ ላይ ያደረገ ነበር። ሕጉ ግን በሁለቱም ዘመን በመጀመሪያው አንቀጹ ዓላማውን ሲገልጽ ወንጀሎችንና ቅጣታቸውን አስቀድሞ በማስጠንቀቅ ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከልን ያስቀድማል፤ ቅጣት የሚመጣው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሕዝብን ማስተማር ከሕጉ ውጭ የሚደረግ በጎ አድራጎት ሳይሆን ሕጉ ራሱ ተስፋ የሚያደርግበት ሥራ ነው።

በመጨረሻ የትምህርቶቹን የራሳቸውን ስያሜ እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በሙያቸው በየጊዜው ሥልጠና እንዲወስዱ ያስገድዳል። ለዚህ የዋለው «ተከታታይ» የሚለው ቅጽል ግን ከዩኒቨርሲቲ «ተከታታይ ትምህርት»፣ ማለትም ከማታውና ከእረፍት ቀኑ መርሐ ግብር ጋር ይምታታል፤ በተጨማሪም የሚያልቅ ተራ ያለው ነገርን ያስመስላል። የጠበቃ ትምህርት ግን ማለቂያ የለውም። «ዘላቂ የሙያ ሥልጠና» ወይም «የማያቋርጥ» ማለቱ ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን አዋጅ ከተጠቀመበት ቃል ጋር መታገል ትርፉ ጥቂት ነው። «ንቃተ ሕግ» የሚለው በ1966 ዓ.ም. ከመጣው ለውጥ በኋላ እጅግ በተስፋፋው «ንቃተ ኅሊና» አምሳል የተሠራ ይመስላል። ድምፁ ያምራል፤ በሕዝብ ዘንድ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ «ንቃት» ከእንቅልፍ መንቃትን ስለሚያስታውስ፣ አድማጩን ተኝቶ እንደ ነበረ ይቆጥረዋል። ሁለተኛ ጥምሩ በግእዝ አገባብ ስለ ተሠራ ሕጉ የነቃ ይሁን ሕዝቡ ለተራው ሰው ግልጽ አይደለም። በጸሐፊው አስተያየት «የሕዝብ የሕግ ትምህርት» ቢባል ቀላልና የማያስከፋ ነው፤ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተርጓሚም በማስታወቂያው ላይ ይህን ጽፎ በመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ላይ ንቃተ ሕግ የሚለውን ቢያቆይ የሚከለክለው የለም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በበኩላቸው ለሕግ ቃላት እስካሁን የሚሰጡትን «የሕግ» የሚል አንድ ምልክት በሁለት ቢከፍሉት ይበጃል። አንዱ እንደ ይርጋ በችሎት ብቻ ለሚኖሩት፣ ሌላው እንደ ሞግዚት በቤትም በችሎትም በተለያየ ፍቺ ለሚኖሩት ይሆናል፤ የኋለኞቹም የቤቱ ፍቺ ቀድሞ፣ የችሎቱ ፍቺ ተከትሎ፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ የአጠቃቀም ምሳሌ ቢቀመጥላቸው መልካም ነው።