ለከረመ እንቅልፍ ማጣት ያለ ክኒን የሚሰጠው ሕክምና ሐራ ይደርስ ይሆን?

“እንዴት አደርክ” ለሚለው የማለዳ ሰላምታ “ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁት” የሚል ምላሽ መስማት በየትኛውም የአገራችን አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሩ አንድና ሁለት ሌሊት ታይቶ የሚያልፍ ከሆነ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ አይሆንም። ወራትን ሲያስቆጥር ግን ስሙም መልኩም ይለወጣል። የሕክምና ባለሙያዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት በሳምንት ቢያንስ ለሦስት ሌሊት የሚከሰት፣ ለሦስት ወራትና ከዚያም በላይ የዘለቀ፣ ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ሁኔታ እያለ የሚያጋጥምና የቀኑን ሥራ የሚያውክ ችግር ሲሆን ነው።

በሰሜን ወሎ ዞን በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ እንዲሁም በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚኖረው ሕዝብ ያለፉት ዓመታት ሌሊቶች ቀላል አልነበሩም። አካባቢው ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነት ውስጥ ማለፉ ይታወቃል። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የጃራ መጠለያም ከምዕራብ ኦሮሚያ የተፈናቀሉ ወገኖችን ሲያስተናግድ ቆይቷል። ቤቱን ትቶ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ማለቱ፣ ጎህ እስኪቀድ ሲያዳምጥ ማደሩ የሚያስገርም አይሆንም። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ከተወገደም በኋላ እንቅልፍ ማጣቱ ራሱን የቻለ ልማድ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

የዚህ አሠራር እንዲህ ይብራራል። ያልተኛ ሰው የጎደለውን ለማካካስ በማሰብ በጊዜ ይጋደማል፤ ጠዋትም ከመኝታው ለመነሳት ይዘገያል፤ ቀን ላይ ሸለብ ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ዕረፍት ቢመስሉም በሚቀጥለው ሌሊት የሚያስፈልገውን የእንቅልፍ ግፊት ያዳክማሉ። መኝታው ደግሞ ቀስ በቀስ የመገላበጫ፣ የመጨነቂያና ሰዓት የመቁጠሪያ ስፍራ ይሆናል። ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው ገና ጎኑን መኝታው ላይ ሲያሳርፍ ዓይኑ ቦግ ብሎ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው መፍትሔ ክኒን ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች በባለሙያ ትዕዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ጥቅም ቢኖራቸውም፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት በላይ ለእንቅልፍ ተብለው እንዲወሰዱ አይመከርም። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ከዚያ ያለ እነርሱ መተኛት ከበፊቱ የባሰ ይከብዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ደግሞ ሌሊት ሲነሱ ለመውደቅ አደጋ ያጋልጧቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው መመሪያ ከባድ አደጋ ባጋጠማቸው አዋቂዎች ላይ በመጀመሪያው ወር ለሚታይ እንቅልፍ ማጣት ይህ የመድኃኒት ዓይነት እንዳይሰጥ መክሯል። በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው በአንድ ቀን ማቆም የለበትም፤ በድንገት ማቋረጥ መንቀጥቀጥና ሌላ አደጋ ስለሚያስከትል በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስ ይኖርበታል።

በሌላው ዓለም ተቀዳሚ ሆኖ የሚመከረው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ወይም የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና በመባል ይታወቃል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው አዋቂዎች ሁሉ ከመድኃኒት በፊት ይህንን ሕክምና እንዲያገኙ መክሯል። ስሙ የከበደ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሲፈተሽ ብዕር፣ ወረቀትና ጽናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕክምናው የሚጀምረው በመዝገብ ነው። ታካሚው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ መቼ እንደተጋደመ፣ በግምት መቼ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ መቼ እንደተነሳ ይጽፋል። ግምት በቂ ነው፤ ሌሊት ሰዓት እየተመለከቱ መመዝገብ ራሱ እንቅልፍ ይነሳልና።

አንድ የሐራ ገበሬ ለምሳሌ እንውሰድ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጋደማል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። መኝታ ላይ የቆየው 10 ሰዓት ነው። በመዝገቡ መሠረት በእርግጥ የተኛው ግን በአማካይ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ይህም ከመቶ 55 መሆኑ ነው። ሕክምናው ለዚህ ሰው የሚሰጠው ትዕዛዝ መጀመሪያ ላይ ጭካኔ ይመስላል፤ መኝታ ላይ የሚቆየው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲሆን ይነገረዋል። ዘወትር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንዲነሳ፣ ከእኩለ ሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት እንዳይጋደም፣ ቀን እንዳይተኛ። በሳምንቱ ማብቂያ መኝታ ላይ ካሳለፈው ጊዜ ከመቶ 85 ያህሉን ተኝቶ ከተገኘ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 መጋደም ይችላል። እንዲህ እያለ የራሱ ልክ እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። የተፈቀደው ጊዜ ከአምስት ሰዓት በታች አይወርድም። እ.ኤ.አ በ1987 አሜሪካዊው አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቻቸው ይፋ ያደረጉት ዘዴ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከዚህ ይቀድማል። ሪቻርድ ቡትዚን የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ በ1972 ያቀረቡት ሕግ መኝታን ለእንቅልፍ ብቻ መልሶ የማስለመድ ሕግ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣ አለመጋደም፣ ተጋድሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይተኙ ከቀሩ ተነስቶ ሌላ ስፍራ መቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ፣ ሌሊቱ ምንም ይሁን ምን ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ሦስተኛው ክፍል ሐሳብን ይመለከታል። “ዛሬም ካልተኛሁ ነገ ማረስ አልችልም፤ ልታመም ነው” የሚለው የሌሊት ሙግት ልብን አስደንግጦ እንቅልፍን የሚያባርር በመሆኑ፣ ታካሚው ሐሳቡን በቀን ብርሃን ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ እንዲመረምረው ይደረጋል።

ቡናና ጫትን በሚመለከት ያለው ምክር በወሎ የተለየ ክብደት አለው። የቡና ንቃት ሰጪ ንጥረ ነገር ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አመሻሽ ላይ የሚፈላው ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከተጠጣ እኩለ ሌሊት ላይም ሥራውን እየሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚቃም ጫትም እንዲሁ ሲሆን፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰደው መጠጥ ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፍን ይቆራርጣል። ሆኖም ቡናን ማስቀረት ብቻውን ሥር የሰደደውን ችግር አያድንም፤ ስለ እንቅልፍ በየመድረኩ የሚነገረው ምክር በአመዛኙ እዚህ ላይ መቆሙ ጉድለት ነው።

ይህ ሕክምና በተለምዶ ከስድስት እስከ ስምንት በሚደርሱ ቀጠሮዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በበለጸጉት አገሮችም ጥቂት ናቸው። በኢንተርኔት እንዲሰጥ የታሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ፕሮግራም ውጤት እ.ኤ.አ በ2009 ታትሟል። በብሪታንያ ፕሮፌሰር ኮሊን ኤስፒ የመሩትና በ164 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2012 የታተመው ጥናት ደግሞ ስሊፒዮ የተባለውን ፕሮግራም የተከተሉት ሰዎች የእንቅልፍ ምጣኔ በ20 ከመቶ ሲሻሻል፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት በ6 ከመቶ መሻሻሉን አሳይቷል። የብሪታንያ የጤና ጥራት ተቋም በ2022 ፕሮግራሙ ከክኒን ይልቅ እንዲቀርብ መክሯል። በአሜሪካ በ2020 የመንግሥት ፈቃድ ያገኘው ሶምሪስት የተሰኘው የስልክ ፕሮግራም ግን ሌላ ዕጣ ገጥሞታል፤ ባለቤቱ ኩባንያ በ2023 ለኪሳራ ተዳርጓል። ሕክምናው መሥራቱና ንግዱ መቆሙ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እነዚህን ፕሮግራሞች እንዳሉ ወደ ሐራ ማምጣት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በርካታ ችግሮችን ያስነሳል። የመጀመሪያው ቋንቋ ቢሆንም እርሱ በትርጉም ይፈታል። ሰዓቱ ግን ረቀቅ ያለ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል የተጋደመ ሰው በእንግሊዝኛው ፕሮግራም ላይ 5፡30 ብሎ ቢሞላ መሣሪያው የሚረዳው ሌላ ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው መዝገብ ደግሞ የተሳሳተ ትዕዛዝ ያስከትላል።

ሌላው መስመሩ ራሱ ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ የሚታወስ ነው። ለሁለት ወር ያህል ሳይቋረጥ መከታተልን የሚጠይቅ ሕክምና እንዲህ ባለ አገልግሎት ላይ ብቻ ሊመሠረት አይችልም። በገጠር ብዙው ሰው የያዘው ስልክም ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ የሚያስተናግድ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን “ተነስተህ ሌላ ክፍል ግባ” የሚለው ትዕዛዝ ነው። ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ሌላ ክፍል የለም። ኩራዝ ለኩሶ መቀመጥ ሕፃናትን ይቀሰቅሳል፤ ደጅ መውጣትም ሁልጊዜ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም። ይሁን እንጂ የሕጉ ዋና ሐሳብ ክፍል መቀየር ሳይሆን ከመኝታ መለየት ነው። ከመደቡ ወርዶ በዱካ ላይ መቀመጥ፣ በጨለማም ቢሆን መቁጠሪያ ወይም ሙሰባህ ይዞ ጸሎት ማድረስ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምናው ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም፤ ለማኅሌት ወይም ለሱብሂ ሶላት በሰዓቱ የሚነሳ ሰው የመነሻ ሰዓትን ቋሚ የማድረጉን ግማሽ መንገድ ቀድሞውኑ ተጉዟል።

በአንድ ድንኳን ብዙ ሰው ለሚያድርበት መጠለያ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ከላይ የተጠቀሰው ትርጓሜ ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ሁኔታ መኖሩን ይጠይቃል። ብርድ፣ ጫጫታ ወይም እውነተኛ ስጋት ያሳጣውን እንቅልፍ የአስተሳሰብ ችግር አድርጎ ማቅረብ ስህተት ከመሆኑም በላይ ተፈናቃዩን መውቀስ ይሆናል። ጥይት የሚሰማበት ሌሊት ነቅቶ ያደረ ሰው በትክክል አስቧል።

ተስፋ ሰጪው ጉዳይ የሕክምናው ጉልበት ያለው ኢንተርኔቱ ላይ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ በ79 አረጋውያን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2011 የታተመ ጥናት ሁለት ጊዜ በአካል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በተራ ስልክ የተሰጠ አጭር ሕክምና ውጤታማ እንደነበር አሳይቷል። በእንግሊዝም በ642 ሰዎች ላይ የተካሄደውና በ2023 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት፣ መኝታ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ የመገደቡን ዘዴ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሲሰጡት ጥቅሙ ከስድስት ወር በኋላም መታየቱን አረጋግጧል።

ይህ ለአገራችን አሠራር እንግዳ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመርም ገበሬው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር በድምፅ የሚሰማበት ነው። ስለ ዘርና ማዳበሪያ የሚናገር መስመር “ትናንት ስንት ሰዓት ተጋደሙ?” ብሎ የሚጠይቅ፣ የሳምንቱንም ስሌት ሠርቶ የሚመልስ እንዲሆን የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም። ለማያነብ ሰው እንዲያውም ከድረ ገጽ ይልቅ የሚመቸው ይኸው ነው። የሚጎድለው ሥራውን በኃላፊነት የሚይዝ አካልና ስህተት ሲፈጠር የሚጠየቅ ባለሙያ ነው።

ባለሙያው የሚያስፈልገውም ዘዴው ለሁሉም የማይሆን በመሆኑ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ የሚግልና የሚወርድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንቅልፉ ሲቀነስ ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል። በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚነቃ ሰው ችግሩ ሌላ ስለሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ መዝገብ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የቀን እንቅልፍ ስለሚበረታ፣ በወልድያ በኩል በሚያልፈው የአዲስ አበባ–መቀሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሕክምናውን ሥራ ላይ ሆኖ መጀመሩ ለራሱም ለመንገደኛውም አደገኛ ነው።

የሰባት ቀን መዝገብ መያዝ ግን ማንንም አይጎዳም። ከልጅ ደብተር በተቀደደ አንድ ገጽ ላይ፣ መጻፍ የሚችል የቤተሰብ አባል በየጠዋቱ እየጠየቀ ሊሞላው ይችላል። ወረቀቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ፣ “እንቅልፍ የለኝም” ከሚለው ቃል ይልቅ ለነርሷ ብዙ ይነግራታል።