ጉዳቱን የሚናገር ክር

ከአሉሚኒየም በተሠራ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ከጥገና ሠራተኛው እጅ መፍቻ ቢወድቅ ስርጉድ ያለ ምልክት ይተዋል። ክንፉ የካርቦን ፋይበር በሙጫ ተነባብሮ የተሠራ ኮምፖዚት ከሆነ ግን፣ ከላይ ደህና መስሎ ሳለ ንብርብሮቹ ከውስጥ ሊላቀቁ ይችላሉ። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ከመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው።

እንዲህ ያለው ስውር ጉዳት አውሮፕላኑ ቆሞ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ታዲያ ቁሱ ራሱ ሕመሙን እንዲናገር ማድረግ አይቻልምን?

የካርቦን ናኖቲዩብ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ያህል፣ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንደ ደን ቀጥ ብለው ከበቀሉ ናኖቲዩቦች ጫፍ ስበው፣ እያከረሩ ረዥም ክር ፈተሉ። እናቶቻችን ከባዘቶ እየሳቡ በእንዝርት የሚፈትሉትን ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ አጫጭሩን ጭረት አያይዞ የሚይዘው በሁለቱም ዘንድ መክረሩ ነው።

ክሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሲለጠጥ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ንክኪ ስለሚለወጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት ባሕርይው፣ ከፍ ይላል። በንብርብሮቹ መካከል ከላይ ወደ ታች ከተሰፋ ደግሞ፣ መላቀቁ ሲደርስበት ይበጠሳል፤ ፍሰቱም ይቋረጣል።

ስለ ናኖቲዩብ ሲነገር ማጋነን ስለሚበዛ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ክር ለመለጠጥ ያለው ስሜት ብዙውን ጊዜ ከተለመደው የብረት ፎይል መለኪያ ያነሰ ነው። በእኔ አመለካከት ዋና ብልጫው ቅጥነቱ ነው። አንድ ንብርብር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ የተለመደው የብርሃን ፋይበር ያለ ሽፋኑ 0.125 ሚሊሜትር ነው፤ በንብርብሮች መካከል ሲገባም ራሱ የድካም መነሻ ሊሆን ይችላል። የናኖቲዩብ ክር ግን ከ0.05 ሚሊሜትር በታች ሊቀጥን ይችላል።

ችግሩ ሌላ ነው። የካርቦን ፋይበርም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ክሩ በማይተላለፍበት ቁስ መሸፈን አለበት፤ ሽፋኑ ደግሞ ያወፍረዋል። በመስታወት ፋይበር ውስጥ ይህ ጣጣ የለም። ከዚህ የሚከብደው የሙቀት ነገር ነው፤ ከብረት በተቃራኒ ሙቀት ሲጨምር የክሩ ሬዚስታንስ ይቀንሳል። ከማኮብኮቢያ ሐሩር ተነሥቶ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ወዳለው ከፍታ በሚወጣ አውሮፕላን ላይ፣ ብርዱ ያመጣው ለውጥ እንደ መለጠጥ ሊነበብ ነው። ስለዚህ ጭነት የማይደርስበት ሁለተኛ ክር ከጎኑ ይቀመጥና፣ የሁለቱ ልዩነት በዊትስተን ድልድይ ይለካል።