ጥፋቱ የባሕሩ ነው ወይስ የካሜራው?

በናታንያ፣ በፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ለሚሠሩ ወገኖቻችን ባሕሩ ሩቅ አይደለም። ከሥራ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወርዱም አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ግን ወደ 160 ኪሎ ሜትር በሚሆን የእስራኤል የባሕር ዳርቻ ላይ ጥቁር ሬንጅ ወጣና ሕዝቡ ወደ ባሕሩ እንዳይቀርብ ተነገረው። ምንጩን ለማወቅ ከተመረመሩት ነገሮች አንዱ ሳተላይት ያነሳው የባሕሩ ሥዕል ነበር።

ታዲያ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ነገር በታየ ቁጥር ዘይት ነው ማለት ነውን? አይደለም። ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ውኃም በራዳር ሥዕል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሌላው እድፍ ደግሞ ጭራሽ ከባሕሩ ሳይሆን ከመሣሪያው የሚመጣ ነው።

ይህን እንጀራ የሚጋግር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ምጣዱ በአንድ በኩል በደንብ ካልታሰሰ እንጀራው ሁሉ በዚያው በኩል ይጣበቃል። ባለሙያዋ ሊጡን አትወቅስም፤ ምጣዱን መልሳ ታስሳለች።

ሳተላይትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቴራ በተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ላይ የወጣው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ፣ የባሕርን ቀለም ለሚለካበት ለእያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት አሥር ብርሃን ተቀባዮች አሉት። አሥሩ በአንድ ጊዜ አሥር መስመር ያነባሉ፤ ቀጥሎም ሌላ አሥር። አንዱ ከጓደኞቹ ጥቂት ቢደክም በየአሥር መስመሩ ጭረት ይወጣል። ባሕር ግን በራሱ እንዲህ አይሰመርም።

ከባሕር በላይ ከሚለካው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ ከአየሩ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ ያለ የ1 በመቶ ስሕተት፣ በውኃው ልኬት ላይ ወደ 10 በመቶ ያድጋል።

እርማቱ በሒሳብ ነው። ሰፊ ባሕር ከተነበበ አሥሩም ያዩት በአማካይ እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ላለው ማረሚያ ቁጥር ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 የሠራው ሲዊፍስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በየወሩ ወደ ጨረቃ እየዞረ ራሱን ይፈትሽ ነበር፤ የጨረቃ ገጽ አይለወጥምና። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጭረቱ ይጥፋ ተብሎ ሥዕሉ ከመጠን በላይ ከተስተካከለ እውነተኛው ዘይትም አብሮ ይጠፋል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ስለ አማካይ ቁጥር ተምረው ሲመጡ «እኛ ይህን አናውቅም» አትበሏቸው። ምጣዱን አሳዩአቸው።