ከሩጫ ሜዳ ወደ ቡና እርሻ፤ ስለ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሥራ

ወደ ጎንደር ከተማ የሚመጣ እንግዳ ከሚያርፍባቸው ቤቶች አንዱ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው ድንች፣ ቅቤና ማር ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ገበሬ የመጣ ነው ወይስ ከሩቅ የተጫነ? ይህ ነገር አገር ገዢንም ባለ መሬትንም የሚመለከት ስለ ሆነ፤ የባለቤቱን ታሪክ በእርሻ በኩል ልናወሳ ወደድን።

ሻለቃ ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. በአርሲ፣ በአሰላ አጠገብ፣ ዐሥር ልጆች ካሉበት ከአንድ ገበሬ ቤት ተወለዱ። አርሲ እንደ ወገራ ሁሉ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለ ነበር ደብተራቸውን በግራ ብብታቸው ይዘው እየሮጡ ይመላለሱ ነበር፤ ስመ ጥር ከሆኑም በኋላ ሲሮጡ ግራ ክንዳቸው ደብተር እንደ ያዘ ሰው ታጥፎ ይታይ ነበር። አባታቸው ሩጫውን አልወደዱላቸውም። በአዝመራ ጊዜ እጅ የሚያጥረው ገበሬ እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም።

በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳይ አገኙ፤ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደሙት ከአንድ ሰከንድ መቶኛ በ9 ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ፈጽመው የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻሉ።

ያገኙትን ገንዘብ በሕንፃ፣ በሆቴልና በመኪና ንግድ አዋሉት። ለእኛ ግን የሚበልጥብን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ1,500 ሄክታር ገደማ ላይ የጀመሩት የቡና እርሻ ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ማረም፣ ጥላ ዛፉን መጠበቅና ለሠራተኛ መክፈል እንጂ የሚሸጥ ነገር የለም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል ርስት መሆኑ ስለ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ሰው መሬቱን የሚይዘው በኪራይ ነው፤ ስለዚህ የውሉ ጽኑነትና የሹሙ ቃል ከዝናም አያንስበትም።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በዝዋይ ያሉት ሆቴሎቻቸው ተቃጠሉ። የዓመታት ድካም በጥቂት ሰዓት አመድ ሆነ፤ እንጀራውን በዚያ ያገኝ የነበረው ሠራተኛም፣ አትክልት የሚያቀርበው ገበሬም አብሮ ተጎዳ።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር የሚደርስ ብርዳም አገር ስለ ሆነ ቡና አይስማማውም። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ድንቹና በጉ ግን ለከተማ ገበታ ይበቃል። ችግሩ ገበሬው ሁሉን በአንድ ወቅት አውጥቶ በርካሽ ሲሸጥ፤ ሆቴል ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት፣ መጠኑ የተካከለና የጸዳ መፈለጉ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት በደረሰባቸው በዳባትና በአካባቢው ላሉ ገበሬዎች ይህ ገበያ ቢከፈት ትልቅ እርዳታ ነው። ስለዚህ የወረዳው ሹም ከክረምት በፊት ማን ምን ያህል ድንችና ማር ሊያቀርብ እንደሚችል በመዝገብ ጽፎ፤ የጎንደርን የሆቴል ባለቤቶች ጠርቶ ዋጋውንና ቀኑን በጽሑፍ ቢያዋውላቸው መልካም ነው።