የአመጋገብ መታወክና ካናቢስ

በተለምዶ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለው ካናቢስ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀሰቅስ አጫሾቹ ራሳቸው ያውቁታል። ቴትራሃይድሮካናቢኖል የተባለው ንጥረ ነገሩ በአንጎል ውስጥ ሲቢ-1 በሚባሉት ተቀባዮች ላይ በማረፍ የረሃብን ስሜት ያስነሣል። ድሮናቢኖል የተሰኘው የዚሁ ንጥረ ነገር መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ክብደታቸው ለቀነሰ የኤድስ ሕሙማን የተፈቀደውም ስለዚሁ ነው።

ታዲያ አኖሬክሲያ ነርቮዛ ያለባትን ሴትስ አይረዳትም ወይ? ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም የሕመሙን ሥር የሳተ ነው። ሕመምተኛዋ ብዙ ጊዜ ይርባታል፤ የምትፈራው መወፈርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ቴትራሃይድሮካናቢኖል የወሰዱ 11 ሕሙማን በክብደት ረገድ ከዳያዜፓም የተሻለ ውጤት አላገኙም፤ ሦስቱ እንዲያውም በከባድ የስሜት መረበሽ ተሠቃይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዴንማርክ ለረጅም ዓመታት በታመሙ 25 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ጥቂት ተስፋ ሰጥቷል፤ በአራት ሳምንት ውስጥ ከአስመሳይ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር 0.73 ኪሎ ግራም ጭማሪ ታይቷል። ስለ ምግብና ስለ ሰውነታቸው የነበራቸው አስተሳሰብ ግን ያው ነበር።

ከዚህ ይልቅ ሐኪሙን ሊያሳስት የሚችለው ትውከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከደቡብ አውስትራሊያ የወጣ ጽሑፍ ለዓመታት ካናቢስ በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ እየተመላለሰ የሚነሣ ብርቱ ትውከት መኖሩን ገለጸ። በሽተኛው ይከሳል፣ ከምግብ ይርቃል፣ ያስመልሰዋል፤ በዚህም ቡሊሚያ ነርቮዛ ያለበት ሊመስል ይችላል። መለያው በቡሊሚያ ሕመምተኛው አብዝቶ ከበላ በኋላ ራሱን የሚያስመልስ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ትውከቱ ሳይፈልገው የሚመጣ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ለጊዜው ይሻላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ካናቢስ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል ብለው ይበልጥ የሚያጨሱም አሉ፤ ዘላቂው ሕክምና ግን ጨርሶ መተው ነው። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ስለሚችሉ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም። መንስኤው የትኛውም ይሁን የፖታሲየም መጠንና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ መዘግየት የለባቸውም፤ የፖታሲየም ማነስ የልብን ምት አዛብቶ በድንገት ሊገድል ይችላልና።

በአገራችን ካናቢስ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ አንዲት ወጣት እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ ስለዚህ ብትጠየቅ እውነቱን መናገሯ ያጠራጥራል። አስታማሚዎች ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲቆዩ በትሕትና መጠየቅ፣ የሚነገረውም ምስጢር እንደሚጠበቅ ለታካሚዋ አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። ጥያቄው ጫትንም ቢጨምር መልካም ነው፤ ጫት በተቃራኒው የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰውም ለዚሁ ሊጠቀምበት ይችላል።